አሜን በይ

“አሜን።”

ከግድግዳው ማዶ ነው። የሴት ድምፅ፤ ትኩስ ነገር አፉ ውስጥ ይዞ እንደሚናገር ሰው ታፍኖ የሚወጣ። ቀጥሎ አንድ ነገር ዱብ ይላል። የወደቀ ትራስ ሊሆን ይችላል፣ በኃይል የተዘጋ ወፍራም መጽሐፍም ሊሆን ይችላል። ከዚያ እንደገና፦ “አሜን።” ይሄ ሁሉ የሚሰማው ከመዝሙር ሥር ነው፤ መዝሙሩ ኮርኒሱን እስኪያርገበግበው ድረስ ተከፍቷል።

አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ ነው የምሰማው። የእኔን ክፍልና የእነሱን ቤት የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው፤ ኮርኒሱ ግን የጋራ ነው። ከማዳበሪያ ጆንያ የተሰፋ አንድ ወጥ ኮርኒስ ከእኔ ራስጌ ተነስቶ እነሱ ሳሎን ድረስ ይሄዳል። አይጥ ከእነሱ ጋ ተነስታ እኔ ጋ ስትደርስ እግሯን እሰማለሁ። ማዶ ሰው ሲያስነጥስ “ይማርህ” ልል አፌን ከፍቼ የተውኩበት ጊዜ ብዙ ነው።

ግቢው የእማማ ማሚቴ ነው፤ ከዊንጌት ወደ ሸጎሌ ሲኬድ በስተግራ ቁልቁል ይገባል። ዋናው ቤት ውስጥ እሳቸው አሉ። ባለ ሁለት ክፍሉን ሰርቪስ ኢዮሲያስና ሚስቱ ልዩ ተከራይተውታል። ጫፍ ላይ ያለችው አንዷ ክፍል የእኔ ናት። እኔ መሳይ እባላለሁ፤ ዊንጌት ፌርማታው አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ። የማሽኑ አረንጓዴ ብርሃን ሲሄድና ሲመለስ እያየሁ ሐሳብ ይወስደኛል፤ ደንበኛ “አንተ ልጅ!” ሲለኝ እመለሳለሁ። እማማ ማሚቴ “ህልመኛው” ይሉኛል። ስለዚህ አንድ ነገር ሰማሁ ስል ሰው ቶሎ አያምነኝም፤ እኔም ራሴን ቶሎ አላምንም።

መዝሙሩ ሲጀምር እማማ ማሚቴ በረንዳቸው ላይ ሆነው ሬዲዮናቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። “ጸሎት ላይ ናቸው” ይላሉ። “እኛ በለሆሳስ ነው፤ እነሱ ይጮኻሉ። እግዜር እንደሆነ ሁሉንም ይሰማል።” እሳቸው የኪዳነ ምሕረት ጽዋ ማኅበርተኛ ናቸው፤ እነ ኢዮሲያስ ደግሞ ጴንጤዎች ናቸው። ግን በዚህ ጉዳይ አንድም ቀን ክፉ ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። የሌላውን እምነት ማክበር ጥሩ ነገር ነው። እኔም አከብር ነበር፤ ጆሮዬን ወደ ግድግዳው ሳዞር ራሴን እየገሠጽኩ ወደ ሌላው ጎኔ እገለበጥ ነበር።

በኋላ ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። በዚያ ቤት ጸሎት አሜን የምትለው ሁልጊዜ እሷ ብቻ ናት። እሱ አንድም ቀን አሜን ሲል ሰምቼ አላውቅም።

ቢሆንም ኢዮሲያስን ያየ ሰው ምን ይጠረጥራል? ጳውሎስ አካባቢ አንድ ፋርማሲ ነው የሚሠራው። ሸሚዙ ነጭ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ መጠጥ የማይቀምስ፣ በሰው ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ። ግቢው “ኢዮሲ” ነው የሚለው። ለቁርጥማት ቅባት፣ ለጉንፋን ኪኒን፣ ለተቆረጠ ጣት ፋሻ፤ ሁሉም ከእሱ ቦርሳ ነው የሚወጣው። ቅዳሜ ከሰዓት የእማማ ማሚቴን ግፊት ይለካል። እሳቸው ክንዳቸውን ሶፋው ላይ ዘርግተው፣ ጨርቁ ሲጠመጠምባቸው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ “ኢዮሲ ባይኖር ይሄኔ አርባዬ ወጥቷል” ይላሉ። ሚስቱን የሚመታ ሰው ሲባል እኔ በሐሳቤ የማየው ጠላ ቤት አምሽቶ የሚንገዳገድ፣ ዓይኑ የቀላ ሰው ነበር። ኢዮሲያስ ከዚያ ሰው ጋር የሚያመሳስለው ነገር የለም። ያ ነው ይበልጥ ያስጠረጠረኝ ልበል? አይደለም። ያ ነው ለረጅም ጊዜ ዝም ያሰኘኝ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቤዛዊት መጣች። የእማማ ማሚቴ የልጅ ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ሶሲዮሎጂ ትማራለች። ስልኳን ይዛ ቧንቧው አጠገብ ዱካ ላይ ተቀመጠች። እማማ ማሚቴ ጎመን ይቀነጥሳሉ፣ ልዩ ሳፋ ላይ ጎንበስ ብላ የባሏን ሸሚዞች ታጥባለች፣ እኔ ደጃፌ ላይ ጫማዬን እጠርጋለሁ።

“የትምህርት ቤት ሥራ ነው፤ ተባበሩኝ” አለች ቤዛዊት። “አዎ ወይም አይደለም ብቻ ነው የምትሉት። እሺ... ሚስት ወጥ ብታሳርር ባሏ ቢመታት ተገቢ ነው?”

“የምን ወጥ?” አሉ እማማ ማሚቴ።

“የምንም ይሁን እማማ።”

“እንዴት የምንም ይሆናል! ሽሮ ከሆነ ይታገሳታል። ዶሮ ካሳረረችማ ለእሱ ሳላስተርፍ እኔ ራሴ ነኝ የምመታት።”

ሁላችንም ሳቅን። ልዩም ሳቀች፤ ሳቋ ግን የእኛ ካለቀ በኋላ ነው የመጣው።

“አዎ ልበልልሽ?”

“ኧረ አይደለም በይ! አያትሽን ልታሳስሪ ነው?”

“ሳትነግረው ከቤት ብትወጣስ?”

“የት ነው የሄደችው?”

“እማማ፣ በናትሽ! ልዩዬ አንቺስ? አንቺ መልሽልኝ፤ እሷ ልታስጨርሰኝ አይደለም።”

ልዩ እጇን ከአረፋው አላወጣችም። ያን ጊዜ ነው ያየሁት። እጅጌዋን አልሰበሰበችም። ሹራቧ እስከ ክርኗ ድረስ ውሃ ጠጥቶ ይንጠባጠባል። ሰው እጅጌውን ሳይሰበስብ ልብስ ያጥባል?

“ተገቢ ነው” አለች።

“የቱ? ወጡ ነው መውጣቷ?”

“ሁለቱም።”

“እሺ... ብትከራከረውስ?”

“ተገቢ ነው።”

ቤዛዊት የሚቀጥለውን ጥያቄ በልቧ አነበበችና እኔን በጎን አይታ ዘለለችው። “ስልኩን ብትነካስ?”

“ተገቢ ነው።”

ጥያቄው ሳያልቅ ነው የምትመልሰው። ድምፁን አወቅሁት። ያው የማታው ድምፅ ነው፤ ትኩስ ነገር አፍ ውስጥ ተይዞ የሚወጣው። “ተገቢ ነው” አለች እንጂ ዜማው “አሜን” ነበር።

እማማ ማሚቴ ደስ አላቸው። “አየሽ? ትዳሯን ያከበረች ሴት እንዲህ ነች። ጨዋ አሳድጓታል።”

“መምህራችን ግን ምን ይላል መሰለሽ? ሚስት የሚመታው ባልየው ብቻ አይደለም ይላል። ሰፈሩም አብሮ ነው የሚመታት።”

“ሰፈሩ? ታዲያ እኔ እዚህ ጎመን እየቀነጠስኩ በምኔ ነው የምማታው?”

“በጆሮሽ ነዋ!”

“በጆሮዬ!” እማማ ማሚቴ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። “ስሙልኝ እስቲ ጎበዝ፣ በጆሮዬ! ለዚህ ነው የምናስተምርሽ?”

ልዩ ሸሚዙን ጨምቃ ተነሳች። ገመዱ ላይ ስታሰጣ ቀኝ ክንዷን ከፍ ማድረግ አቃታት መሰለኝ፣ በግራ እጇ አሰጣችው።

ቤዛዊት ስትሄድ እስከ ውጭው በር ሸኘኋት። “የሆነ ነገር አለ” አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። “ብዙ ሴት ጠይቄያለሁ። ለሁሉም ‘አዎ’ ያለችኝ የለችም። አንተ ግድግዳ ትጋራቸዋለህ፤ ምን ትሰማለህ?”

“ጸሎት።”

“ጸሎት ብቻ?”

“አሜን ስትል እሰማታለሁ።”

ቤዛዊት ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለችና አየችኝ። “ማን ነው አሜን የሚያሰኛት?”

በማግስቱ እሁድ ከቸርች ሲመለሱ ሰላም ተባብለናል። እሱ መጽሐፍ ቅዱሱን በዚፕ በሚዘጋው ማኅደር ይዟል፤ እሷ ከኋላው ናት። ገብተው ብዙም ሳይቆዩ መዝሙሩ ተከፈተ። ፀሐይ ገና ናት፤ ቆርቆሮው ይንጣጣል። እኔ አልጋዬ ላይ ነበርኩ። “አሜን” አለች። ዱብ። “አሜን።” ወደ ግድግዳው አልዞርም አልኩ።

ድንገት መብራት ጠፋ።

መዝሙሩ ከመሃሉ ተቆረጠ። የእማማ ማሚቴ ሬዲዮ በባትሪ ነው የሚሠራው፤ ከሩቅ ትንሽ ይንጫጫል። ሌላው ሁሉ ጭጭ አለ፤ የኢዮሲያስ ድምፅ ግን አልተቋረጠም። መብራት ይጥፋ አይጥፋ ልብ ያለው አይመስልም። ቀስ ያለ፣ የተስተካከለ ድምፅ ነው፤ ፋርማሲ ውስጥ “ከምግብ በኋላ ትወስደዋለህ” የሚልበት ድምፅ። አሁን ግን በእሷ አፍ ሆኖ ነው የሚናገረው።

“ሳልነግርህ እናቴ ጋ አልደውልም። አሜን በይ።”

ዱብ።

“አሜን።”

“ሰው ሲጠይቀኝ ብዙ አላወራም። አሜን በይ።”

ዱብ። እንደ ትራስ አይደለም። መጽሐፍም አይደለም። ሥጋ ነው።

“አሜን።”

እግሬን ጫማ ውስጥ ሳልከት ወጣሁ። በራቸውን በቡጢ መታሁ፤ ምን እንደምል እንዳላሰብኩ ያወቅኩት ከመታሁ በኋላ ነው። ከፈተ። የእሁድ ሱፉን ኮት አውልቆ፣ የሸሚዙን እጅጌ ሰብስቦ፣ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሎበታል። ፈገግ አለ።

“መሳይ ወንድሜ! ምነው?”

“መብራት... እናንተም ጋ ጠፋ?”

አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። በጠራራ ፀሐይ የሰው በር ደብድቤ ስለ መብራት ጠየቅኩ። እሱ ግን ምንም ያልተለመደ ነገር እንዳልሆነ ሁሉ አንገቱን አውጥቶ የግቢውን ቆጣሪ አየ።

“ሁላችንም ጋ ነው። ጸሎት ላይ ነበርን። ግባ፣ አብረን እንጸልያ?”

በትከሻው በኩል አየሁ። ልዩ ሶፋው ሥር ተንበርክካለች፤ ጀርባዋን ሰጥታኛለች። ሻርፗ ከራሷ ላይ ወርዶ አንገቷ ላይ ተጠምጥሟል። አልዞረችም።

“ደህና ነኝ” አለች።

ማንም አልጠየቃትም ነበር።

ለእማማ ማሚቴ ነገርኳቸው። እየፈራሁ፣ እየተንተባተብኩ፣ ያው እንደ ልማዴ። ሰምተው ሲጨርሱ ቀና ብለው አላዩኝም፤ የነጠላቸውን ጥለት በጣታቸው ሲቆጥሩ ቆዩ።

“ጴንጤ ሲጸልይ እንዲህ ነው ልጄ። ይንበረከካል፣ ይነሳል፣ ወለል ይመታል። ሰይጣን ሲያስወጡማ ሰምተህ አታውቅም።”

“እማማ፣ ‘እናቴ ጋ አልደውልም’ ማለት ምን ጸሎት ነው?”

“የባልና የሚስት ነገር ነው። ባሌ ጋሽ ወልዴ ነፍሱን ይማረውና እኔንስ ስንት ቀን...” ቆም አሉ። ጥለቱን ለቀቁት። “ይልቅ አንተን ልጠይቅህ። የሰው ሚስት እንዲህ አለች እንዲያ አለች እያልክ ቃሏን የምታጠናው ለምንድነው? ወጣት ነህ፤ ብቻህን ነህ። ሰው ቢሰማ ምን ይላል?”

ምን እንደሚል ያኔ አልገባኝም። በማግስቱ ገባኝ።

ሰኞ ቀን ፎቶ ኮፒ ቤቱ በተማሪ ተሞልቶ ኢዮሲያስ ገባ። ሰልፉን ሳይረብሽ፣ ይቅርታ እየጠየቀ፣ ማሽኑ አጠገብ ደረሰና አንድ ትንሽ ብልቃጥ መስታወቱ ላይ አስቀመጠ።

“ለጆሮህ ነው” አለኝ። “ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት ጠብታ። ሌላ ሰው የማይሰማውን የሚሰሙ ሰዎች አሉ፤ ሕመም ነው፣ አያሳፍርም። በጊዜ ካልታከመ ግን ሰው መሃል መኖር ያስቸግራል።”

“ጆሮዬን አላመመኝም።”

“የሚያመው ሰው መጀመሪያ አይታወቀውም።” ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እጁ ቀላል ነው። “ልዩም ስላንተ ተጨንቃለች። ግድግዳ ሥር ያለቀ ሕይወት ጥሩ አይደለም ወንድሜ፤ እሺ? ውጣ፣ ከሰው ተቀላቀል።”

አለቃዬ ከጀርባ ሆኖ፣ “እንዲህ ያለ ጎረቤት ከየት ይገኛል!” አለ። ብልቃጧን አረንጓዴው ብርሃን በሥሯ ሲያልፍ አየኋት። አልነካኋትም።

እስከ ሐሙስ ድረስ የግቢው ሰዎች አተያይ ተለወጠ። ልብስ ላሰጣ ስወጣ እማማ ማሚቴ በረንዳ ላይ ወጥተው ይቆማሉ። ልዩ ቧንቧው ጋ ካለች፣ “መሳይ፣ አንተ በኋላ ቅዳ” ይሉኛል። የሚጠበቀው እኔ ነኝ ማለት ነው። ልዩ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ባልዲዋን አንስታ በአጠገቤ ስታልፍ፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ “አትልቀቅ” አለች። ወይም አለች መሰለኝ። ባልዲው ከእጇ እንዳይለቅ ማለቷ ይሁን እኔ ክፍሉን እንዳልለቅ፣ እስከ ማታ ሳስብ ዋልኩ።

አርብ ለት ምን እንደሆነ ታወቀ። ኢዮሲያስ ሽማግሌ ልኳል። ከሳሹ እሱ ነው፤ ተከሳሹ እኔ።

ቅዳሜ ከሰዓት በእማማ ማሚቴ ሳሎን ተሰበሰብን። የእድራችን ዳኛ ጋሽ ስብሐት ከነባርኔጣቸው መሃል ላይ ተቀምጠዋል። ከኢዮሲያስ ቸርች አቶ ዋቅቶላ የሚባሉ ረጋ ያሉ ሽማግሌ መጥተዋል። ሁለቱ ሰዎች በፆም፣ በታቦት፣ በስለት አይስማሙም፤ በዚህ ጉዳይ ግን ገና ሳይጀመር አንገታቸው አብሮ ይነቀነቅ ነበር። ልዩ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ናት፤ ጫማዋን ደፉ ላይ አውልቃለች። ቤዛዊት ጓዳው መግቢያ ላይ ቆማለች፤ አያቷ ሁለቴ “ግቢ” ብለዋታል፣ አልገባችም።

“እኔ ልጁን አልጠላውም” አለ ኢዮሲያስ። “ታናሽ ወንድሜ ማለት ነው። ግን ባለቤቴ በገዛ ቤቷ ተሳቀቀች። ስታስል የሚያዳምጥ፣ ስትጸልይ የሚያዳምጥ... እንዴት ትኑር? ይቅር ብዬዋለሁ። የምለምነው ክፍሉን እንዲለቅ ብቻ ነው። እማማም እንዳይጎዱ እኔ ክፍሉን እይዘዋለሁ። ለጸሎት እናደርገዋለን፤ ለብቻ ጸጥ ያለ ቦታ ያስፈልገናል።”

“ተባረክ” አሉ አቶ ዋቅቶላ።

“ይሄ ነው ጨዋነት” አሉ ጋሽ ስብሐት።

ልዩን አየኋት። እጆቿ ጉልበቷ ላይ ናቸው፤ የቀኝ አውራ ጣቷ ብቻ የግራውን ጥፍር ይጫናል፣ ይለቃል። ከእኔ በኋላ በዚያ ግድግዳ ማዶ ማንም አይኖርም። ኮርኒሱ ከራስጌ እስከ ግርጌ የእሱ ይሆናል። ያን ጊዜ መብራት ቢጠፋ ባይጠፋ ምን ለውጥ ያመጣል?

“አንተስ ምን ትላለህ?” አሉኝ ጋሽ ስብሐት።

“እኔ የሰማሁት ጸሎት አይደለም።”

“እና ምን ሰማህ?”

“አሜን ሲባል።”

ከዚያ ጋሽ ስብሐት ሳቃቸው አመለጣቸው፤ አቶ ዋቅቶላም በመዳፋቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

“አሜን ተባለ ብለን ሰው እንክሰስ እንዴ ልጄ? ያኔማ እኔን ቅዳሴ ላይ ነው መጥታችሁ የምትይዙኝ!”

“እንደዚያ ማለቴ አይደለም... ማለቴ፣ በቃ... እሱ ‘አሜን በይ’ ይላታል፣ ከዚያ ዱብ ይላል...”

“ምኑ?”

“አላየሁም።”

“ስንጸልይ እንንበረከካለን” አለ ኢዮሲያስ፣ ለእኔ አዝኖ። “ወለላችን ጣውላ ነው። እማማ ያውቁታል።”

እማማ ማሚቴ የነጠላቸውን ጥለት መቁጠር ጀመሩ።

“ልዩን ጠይቋት” አለች ቤዛዊት ከጓዳው በር። “እጅጌሽን ሰብስቢ በሏት።”

“ቤዛ!” አሉ እማማ ማሚቴ። “ሽማግሌ መሃል አይገባም!”

ጋሽ ስብሐት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “መጠየቅማ ደንብ ነው። ልጄ ልዩ፣ ይሄ ልጅ በክፉ ዓይን አይቶሽ፣ ክፉ ቃል ተናግሮሽ ያውቃል?”

“አያውቅም።”

“ጎሽ። ከባለቤትሽ ጋር ሰላም ናችሁ?”

ኢዮሲያስ አላያትም። ቦርሳውን ከጉልበቱ ወደ ወለሉ አወረደ፤ ይኸው ነው።

“ደህና ነኝ” አለች።

“እግዜር ይመስገን! እንግዲህ በሰው ላይ ክፉ አልተገኘም። ልጁ በወር ጊዜ ውስጥ ክፍሉን ይለቅቃል፤ ሄዶ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ነገሩ እዚህ ላይ ይቀበራል። ተነሱ፣ ልመርቅ።”

ሁላችንም ተነሳን። ጋሽ ስብሐት ባርኔጣቸውን አውልቀው መዳፋቸውን ዘረጉ።

“ቤታችሁን የሰላም ያድርገው።”

“አሜን!”

“ከክፉ ዓይን፣ ከክፉ ጆሮ ይሰውራችሁ።”

“አሜን!”

“ትዳራችሁን እንደ ወይራ ያጽናላችሁ።”

“አሜን!”

ሁሉም አለ። እኔም ከልማድ አልኩ፤ አፌን መመለስ አልቻልኩም። ልዩ ግን ዝም ብላለች። ሦስቱንም ዝም ብላለች። ጋሽ ስብሐት አንድ ዓይናቸውን ገልጠው አዩዋት። የሽማግሌ ምርቃት አሜን ሳይባልበት ሲቀር ወደ እርግማን ይዞራል ይባላል፤ እንዲህ ሲሆን ያየ ሰው ግን የለም፤ ማንም አፉን ዘግቶ ቆሞ አያውቅማ።

“ልጄ፣ ምርቃት ነው እኮ” አሉ። “እግዜር ፍሬ ይስጣችሁ።”

ዝም።

ኢዮሲያስ ፈገግታው ሳይጠፋ ጎንበስ አለላት። በዚያ ቀስ ባለ፣ በተስተካከለ ድምፅ።

“አሜን በይ።”

በመሃላችን ግድግዳ አልነበረም፤ መዝሙርም አልነበረም። ልዩ ክንዷን ወደ ጎኗ ሰብስባ፣ ትከሻዋን ወደ ላይ አንስታ፣ አንገቷን ቀብራ ቆመች። ዱብ የሚለውን የምትጠብቅ ይመስል ነበር። ዱብ ያለ ነገር ግን የለም።

እማማ ማሚቴን ያየኋቸው ያኔ ነው። ዓይናቸው ወደ ኢዮሲያስ አልሄደም። በደመ ነፍስ ወደ ሰርቪሱ፣ ወደ እነሱ ግድግዳ ነው የዞሩት፤ ድምፁን ከዚያ ሲመጣ መስማት ስለለመዱ። ከዚያ ቀስ ብለው ተመለሱና ልዩን አዩዋት። “አሜን” ሊሉ የከፈቱት አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ።

ልዩ ትከሻዋን አወረደች። ዞረች። ደፉ ላይ ጫማዋን አጠለቀች፤ ተረከዙን ረግጣ፣ እንደ ነጠላ ጫማ።

“የት ነው?” አለ ኢዮሲያስ። ወደ በሩ አንድ እርምጃ ተራመደ።

“ኢዮሲ!” እማማ ማሚቴ ሶፋው ላይ ዝርግት አሉ። “ግፊቴ! ውይ ልጄ፣ ግፊቴ ተነሳብኝ... ለካኝ!”

“መጣሁ እማማ፣ አንድ ደቂቃ...”

“ከሞትኩ በኋላ ልትመጣ ነው? ቅዳሜ አይደለም እንዴ? ለካኝ ስልህ!” የኮቱን ጫፍ ጨብጠውታል።

“ኧረ ለካቸው እንጂ!” አሉ ጋሽ ስብሐት ደንግጠው። “ሚስትህ የት ትሄድብሃለች?”

አቶ ዋቅቶላ ቦርሳውን ከወለሉ አንስተው አቀበሉት። ኢዮሲያስ በሩን አየ፣ ሰዎቹን አየ፣ ፈገግ አለና ተንበረከከ። ጨርቁን ክንዳቸው ላይ ጠመጠመ። ፊኛዋን ጨመቀ፤ ፍስ፣ ፍስ፣ ፍስ። እማማ ማሚቴ ሲለኩ ዓይናቸውን መጨፈን ልማዳቸው ነው። ያን ቀን አልጨፈኑም፤ በመስኮቱ አሻግረው የውጭውን በር ያዩ ነበር። አሟቸው ይሁን አይሁን አላውቅም።

እኔም አየሁ። ልዩ በቤቷ በር ፊት አለፈች፤ አልገባችም። ገመዱ ላይ የተሰጡት ነጫጭ ሸሚዞች መሃል ጎንበስ ብላ ወጣች። ቦርሳ አልያዘችም። የብረቱን በር ስትከፍተው እንደ ሁልጊዜው ጮኸ፤ መልሳ አልዘጋችውም። ወደ ዊንጌት በሚወስደው በኩል ታጠፈች።